ውጤታችሁን ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ ቁጠሩት

የመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«በአዲስ አበባ፣ በአያት ሰፈር በኩል፣ ከተማው ጫፍ ላይ ባለ የግል ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችንም ጸሐፊ ነኝ። ከአስተዳደሩ ጋር የተፈራረምነው የመጀመሪያው ኅብረት ስምምነታችን በመጪው ሰኔ 30 ሦስት ዓመት ይሞላዋል። በስምምነቱ የማታ ሰርቪስ፣ የ1,000 ብር ጭማሪ፣ ጋዋንና ጫማ፣ የጉበት ክትባት አስገብተናል። ስብሰባ ላይ ተናግሮ የተባረረ የላብራቶሪ ባልደረባችንንም አስመልሰናል። አሁን ጠቅላላ ጉባኤ ልንጠራ ነው። አባላቱ ግን ‹ማኅበሩ ምን ሠራልን?› ይላሉ። ወጣቶቹ ሥራ እናቁም ማለት ጀምረዋል። አስተዳደሩ ለገጣፎ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ እዚያ ቅጥሩ ሁሉ በኮንትራት ነው ይባላል። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ ሥራ አግኝታ ከአገር ወጥታለች። ያገኘነውን እንዴት እንገምግም? የሚመጣውንስ እንዴት እንወጣው?»

እህቴ፣ ለአንቺም ለኮሚቴያችሁም ሰላም እላለሁ። የመጀመሪያው ኅብረት ስምምነት ከባዱ ነው። እሱን አልፋችኋል። «ምን ሠራልን?» የሚለውን ግን እንደ ምስጋና ቢስነት አትውሰዱት። ብዙ ጊዜ የኮሚቴው ሪፖርት የስምምነቱን አንቀጾች እያነበበ «ይህን አስገብተናል፣ ያንን አስገብተናል» ይላል። አባሉ ግን የሚያየው ወር ሲሞላ እጁ የገባውን ነው። በሁለቱ መካከል ክፍተት ካለ አባሉ ትክክል ነው። ስለዚህ ለጉባኤው ስትዘጋጁ ስምምነቱን ወደ ጎን አድርጉትና የደመወዝ ወረቀትና የዲዩቲ ሰሌዳ ሰብስቡ። ውጤታችሁ ያለውም፣ ቀጣዩ ድርድር የሚጀመረውም እዚያ ነው።

ከ1,000 ብሩ እንነሳ። ደመወዟ 8,500 የነበረ ነርስ 9,500 ገባች እንበል። አሁን ባለው የገቢ ግብር ምጣኔ ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ያለው ገቢ 25 በመቶ ይቆረጥበታል። ከጭማሪው 250 ብር ለግብር ሄደ። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲጨመርበት ሌላ 70 ብር። እጇ የገባው 680 ብር ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ፣ ማለትም ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የቤት ኪራዩና የታክሲው ነገር የት እንደደረሰ እኔ አልነግራችሁም። ለጉባኤው «1,000 ብር አስጨመርን» ማለት ልክ ነው። ግን 680ውንም ንገሯቸው። ሐቁን የሰማ አባል በሚቀጥለው ድርድር ከጎናችሁ ይቆማል። ለድርድሩም ይጠቅማችኋል። ጥያቄያችሁን እጅ ላይ በሚገባው ገንዘብ አስሉና ወደ ላይ መልሱት። እጃቸው 1,500 እንዲገባ ከፈለጋችሁ በዚህ እርከን ላይ የምትጠይቁት ከ2,200 ብር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ጭማሪው ደመወዙን ከ10,000 ካሻገረው ደግሞ ያለፈው ክፍል በ30 በመቶ ስለሚቆረጥ ስሌቱ እንደገና ይሠራ። በብር ሳይሆን በዓይነት የሚሰጥ ነገርም አስቡ። ድርጅቱ ለሠራተኛው ሕክምና የሚሸፍነው ወጪ ለምሳሌ ከግብር ነፃ ነው። ለሆስፒታል ደግሞ ይህ ብዙም የማይከብድ ጥያቄ ነው።

ከደመወዙ በላይ እንድታዩ የምፈልገው ግን ትርፍ ሰዓቱን ነው። በደብዳቤሽ አንድም ቦታ አላነሳሽውም። ግል ሆስፒታሎች ውስጥ ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያን አሻሽሏል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በአንድ ተኩል ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በአንድ ከሦስት አራተኛ። በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል። አሁን አንዲት ደመወዟ 8,320 የሆነ ነርስ ውሰዱ። ለ26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቷ ዋጋ 40 ብር ነው። የታመመች ባልደረባዋን ተክታ ከመደበኛ ሰዓቷ ውጭ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አደረች። እስከ 4 ሰዓት ያለው ሦስት ሰዓት በ60 ብር፣ 180። ከ4 እስከ 12 ያለው ስምንት ሰዓት በ70 ብር፣ 560። የመጨረሻው አንድ ሰዓት 60። በድምሩ 800 ብር። ብዙ ቦታ ግን «ለአንድ አዳር ይህን ያህል» ተብሎ ቁርጥ ክፍያ ይሰጣል። ያ ቁርጥ ክፍያ 400 ብር ከሆነ በእያንዳንዱ አዳር ግማሹ ቀርቷል ማለት ነው። በወር ሦስት አዳር ተጨማሪ የገባች ነርስ ከግብር በፊት 1,200 ብር ቀርቶባታል። ከአስጨመራችሁት ይበልጣል!

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሥራው በባሕርዩ ሲጠይቅ አዋጁ ሰዓቱን በአማካይ ማስላት ይፈቅዳል። ስለዚህ 12 ሰዓት የሚታደር ዲዩቲ ሁሉ ትርፍ ሰዓት አይደለም። አማካዩ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው ግዴታው። የዲዩቲ ሰሌዳውን ያስፈለገኝም ለዚህ ነው። የሦስት ወር ሰሌዳ ይዛችሁ የእያንዳንዷን ሰዓት ደምሩ። ሁለተኛ፣ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሙሉ አዳር በትርፍ ሰዓት ማስገባት ቢከፈልበትም ከገደቡ ውጭ ነው። ደክማ ያደረች ነርስ መድኃኒት ስትሰጥ ስህተት ቢፈጠር ተጠያቂዋ እሷው መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰሌዳው ላይ ሰው ማነሱ የበሽተኛም ጉዳይ ስለሆነ በድርድሩ ላይ ከገንዘቡ ቀድማችሁ አንሱት።

ያልተከፈለ ክፍያ ካገኛችሁ ደግሞ አትዘግዩ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም። «ለድርድሩ እናቆየው» እየተባለ ስንት ገንዘብ ሳይከፈል ሲቀር አይቻለሁ።

ወደ ሰርቪሱ ልምጣ። አንቀጹን ልከሽልኛል፤ «ድርጅቱ ለማታ ተረኞች የትራንስፖርት አገልግሎት ያቀርባል» ይላል። በዚህ አንቀጽ ሹፌሩ ሠራተኛውን አስፋልት ላይ አውርዶ ቢመለስ ድርጅቱ ግዴታውን ተወጥቷል። ከአስፋልቱ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ያለው ጨለማ መንገድ የማንም አይደለም። መኪናው ሲበላሽ ምን ይደረጋል? ያም የለም። አዲሱ አንቀጽ ሰዓቱን፣ የሚያደርስበትን ቦታና መኪና ሲጠፋ የታክሲ ወጪ የሚተካ መሆኑን በስም ይጥራ። «ተረኛዋን እስከ መኖሪያ ሰፈሯ በር ያደርሳል፤ መኪና ባይኖር ለሌላ ትራንስፖርት የወጣውን በሦስት ቀን ውስጥ ይተካል» ቢል ክርክር የለውም። ሁሉንም አንቀጽ በዚህ ዓይን እዩት። ማን፣ መቼ፣ እስከየት፣ ካልሆነስ ምን? ጋዋንና ጫማውም ያው ነው፤ በዓመት ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ወር የሚለውን ጨምሩበት።

ክትባቱን ጥሩ አስባችኋል። የጉበቱ፣ ማለትም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዙር ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ይሰጣል። አንደኛውን ወስዶ ሦስተኛውን ያልጨረሰ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። ከዚህ የሚከብደው ግን መርፌ የወጋው ሠራተኛ ነገር ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መርፌ የወጋት ነርስ ያንን መድኃኒት ከየት ታገኛለች? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ፋርማሲው ተዘግቶ፣ ኃላፊው ስልኩን አጥፍቶ ከሆነ ስምምነታችሁ ምንም አልሠራም። አደጋው በዚያው ሌሊት መዝገብ ላይ ይስፈር። በኋላ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው የሚባለው በዚያ መዝገብ ነው። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሥራ ለቀረ ሠራተኛ አዋጁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ያሉትን ስድስት ወራት ቢያንስ ግማሹን ያስከብርለታል። መዝገብ ከሌለ ግን ጉዳዩ እንደ ተራ ሕመም ይታያል። በተራ ሕመም ደግሞ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ለመጀመሪያው አንድ ወር ብቻ ነው።

የላብራቶሪ ባልደረባችሁን ማስመለሳችሁን በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ነው ያነሳሽው። እኔ መጀመሪያ ላይ ነው የማስቀምጠው። በማኅበር እንቅስቃሴ መሳተፍና ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ይህን ሁሉም ሰው ወረቀት ላይ ያውቀዋል። እናንተ ግን ሆነ አድርጋችሁ አሳያችሁ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል አቤቱታ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ ያግደዋል፤ እናንተ ደርሳችኋል። በጉባኤው ላይ እሱ ራሱ ይናገር። ሌላው ሠራተኛ ከፍርሃቱ የሚወጣው የእሱን ድምፅ ሲሰማ ነው።

አሁን ወደ ሥራ ማቆሙ። ወጣቶቹ ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። በግንቦት 2017 የመንግሥት ጤና ተቋማት ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ አቁመው ነበር። ብዙዎች ታሰሩ። ጥያቄያቸው የእውነት ጥያቄ ነበር፤ አሁንም ነው። ለእናንተ ግን ሕጉን በግልጽ መናገር አለብኝ። አዋጅ 1156 ሆስፒታልን፣ ክሊኒክንና ፋርማሲን ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሚላቸው አገልግሎቶች ውስጥ ይመድባል። እዚያ የሚሠራ ሠራተኛ ሥራ ማቆም አይፈቀድለትም። «እሺ፣ ሥራ እናቀዝቅዝ» የሚልም ይመጣል። ተስማምቶ ከመደበኛው ፍጥነት በታች መሥራትም በሕጉ ትርጉም ሥራ ማቆም ነው። ኮሚቴው በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ቃል ከጻፈ አስተዳደሩ የሚፈልገውን ሰጠው ማለት ነው።

በሌላ በኩል የመንግሥት ባልደረቦቻችሁ የሌላቸው ነገር እናንተ አላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ከአሠሪው ጋር ኅብረት ስምምነት ለመደራደር የሚያስችል ሥርዓት የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አገራችንም የመደራጀትና የመደራደር መብትን የሚደነግጉትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1955 ነው። ያ ቃል ለመንግሥት ጤና ባለሙያ እስካሁን አልደረሰም። ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። ለእናንተ ግን በሩ ክፍት ነው። ድርድሩ ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ አስማሚ ይሄዳል። አስማሚው ካልቻለ፣ በእናንተ ዓይነት ድርጅት የደመወዝና የጥቅማጥቅም ክርክር ጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ዘንድ ይቀርባል። ቦርድ ፊት የሚናገረው ማስረጃ ነው። ያ የሰዓት ድምር፣ ያ የ680 ብር ስሌት፣ ያ የመርፌ መዝገብ እዚያ ያገለግላችኋል። ለወጣቶቹ ሥራ ስጧቸው። በየክፍሉ የዲዩቲ ሰሌዳ የሚሰበስቡ እነሱ ይሁኑ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የለገጣፎው ቅርንጫፍ ነው። ከአያት ለገጣፎ አንድ ታክሲ ነው፤ በአስተዳደር ግን ሌላ ክልል ነው። የእናንተ ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሥራና ክህሎት ቢሮ ሥር ነው። ለገጣፎ በ2015 በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ በኦሮሚያ በኩል ነው የሚታየው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አዋጁ «ድርጅት» ለሚለው ቃል የሰጠው ትርጉም ነው። አንድ ቅርንጫፍ ለብቻው ተሰይሞ በአሠራሩ ወይም በአደረጃጀቱ ራሱን የቻለ ከሆነ እንደ ተለየ ድርጅት ይቆጠራል። የራሱ ሥራ አስኪያጅ፣ የራሱ የሰው ኃይል ክፍል፣ የራሱ ፔይሮል ካለው አስተዳደሩ «የእናንተ ስምምነት እዚያ አይሠራም» ማለት ይችላል። ከዚያ ነባር ሠራተኛ ወደ ለገጣፎ ሲዛወር ጥቅሙን አያት ጥሎት ይሄዳል።

ስለዚህ ቅርንጫፉ ሳይከፈት ሁለት ነገር በአዲሱ ስምምነት ውስጥ አስገቡ። ስምምነቱ ድርጅቱ በሚከፍታቸው ቅርንጫፎች ሁሉ ተፈጻሚ ይሆናል ይበል። የሚዛወር ሠራተኛም አገልግሎቱና ጥቅሙ ሳይቀነስ ይዛወራል ይበል። አስተዳደሩ አልቀበልም ቢል ለገጣፎ ያሉት የራሳቸውን ማኅበር ያቋቁሙ። አሥር ሠራተኛና አሥር አባል ይበቃል። እናንተ ደንቡን፣ የቃለ ጉባኤ አጻጻፉን፣ የምዝገባ ቅጹን ይዛችሁ ሄዳችሁ አግዟቸው።

ኮንትራቱን አትፍሩት። የኮንትራት ሠራተኛም ሠራተኛ ነው፤ አባል መሆን ይችላል። በአዋጁ መሠረት ቅጥር በመርሕ ላልተወሰነ ጊዜ ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በሕጉ ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ነርስን በየስድስት ወሩ ኮንትራት እያደሱ ማቆየት ሲሞገት የሚቆም አይመስለኝም። ከሙከራ ጊዜያቸው ጀምሮ አነጋግሯቸው። የሙከራው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።

የጽዳት ሠራተኞቹ በኤጀንሲ ከሆኑ አሠሪያቸው ሌላ ስለሆነ በእናንተ ስምምነት አይሸፈኑም። ነገር ግን መርፌ የሞላውን ሴፍቲ ቦክስ የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ሆስፒታሉ በግቢው ውስጥ ለሚሠራ ሁሉ ክትባትና ጓንት እንዲያቀርብ ጠይቁ። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም።

ገንዘብ ያዣችሁ በመሄዷ ማንም አይወቅሳት። ግን መሄዷን ቁጠሩት። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከየክፍሉ ስንት ነርስ፣ ስንት ሚድዋይፍ፣ ስንት የላብራቶሪ ባለሙያ ለቀቀ? በምትኩ የተቀጠረው ሠልጥኖ ብቻውን ዲዩቲ ለመውሰድ ስንት ወር ፈጀበት? ከቀዶ ጥገና ክፍል የሄደችን ነርስ በሳምንት መተካት እንደማይቻል አስተዳደሩ ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ሥራ ማቆም በተከለከለበት ቦታ እጃችሁ ላይ ያለው ትልቁ አቅም ይህ ነው። ጭማሪ ስትጠይቁ «ተቸግረናል» ብቻ አትበሉ፤ «ካልጨመራችሁ ሰው ታጣላችሁ፤ የሄዱት ብዛት ይኸው» በሉ። ለኮሚቴውም ለእያንዳንዱ ቦታ ምክትል መድቡ። የባንክ ፊርማው በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይቀየር፤ ሒሳቡም ኦዲት ይደረግ። ይህ ሳይሆን ስለ መዋጮ ማውራት አይቻልም።

የቀሩት ቀኖቹ ናቸው። የነባሩ ስምምነት እድሳት ድርድር ስምምነቱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ መጀመር አለበት። ለእናንተ ይህ ሚያዝያ መግቢያ ነው። ካበቃ በኋላም ሦስት ወር አለ። በዚያ ጊዜ ካልተቋጨ ደመወዝንና ጥቅማጥቅምን የሚመለከቱት አንቀጾች ተፈጻሚነታቸው ይቋረጣል። ያ መስከረም 30 ላይ ይወድቃል። ነሐሴ በክረምቱ፣ ጳጉሜንና መስከረም በአዲስ ዓመትና በመስቀል እንደሚያልቁ ታውቃላችሁ። አስተዳደሩም ያውቃል። «ከበዓል በኋላ እንገናኝ» የሚለው ቃል አንድ ማኅበር ያለውን ሁሉ ሊያሳጣው ይችላል። ከቻላችሁ በአዲሱ ስምምነት ላይ «አዲሱ እስኪፈረም የነበረው ይቀጥላል» የሚል ሐረግ አስገቡ።

ጉባኤውን እንግዲህ በመጋቢት አድርጉት። ምልዓተ ጉባኤው እንዲሟላ ለሁለቱም ሺፍት በሚመች ሰዓት፣ ምናልባትም በሁለት ዙር። ተደራዳሪዎቹን እዚያው ምረጡ። በሥራ መሪነት የተመደበ ሰው አይግባበት። ሜትሮኗ፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊዋ፣ የመቅጠርና የማባረር ሥልጣን ካላት እሷም የሥራ መሪ ናት። ለድርድር የሚቀሩበት ሰዓት ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ ስለሆነ ተረኛ ነኝ ብሎ የሚቀር እንዳይኖር ስማቸውን ለሰው ኃይል ክፍሉ ቀድማችሁ አሳውቁ። ከዚያ የድርድር ጥያቄውን ከረቂቁ ጋር በጽሑፍ አስገቡ። አስተዳደሩ ከደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳታስደርጉ ከመዝገብ ቤቱ እንዳትወጡ።